ቃልን ሳይቆጥሩ ማዜም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፥ ድምፅን በነፋስ ላይ የሚያሻግር ስልክ ማለት ሲሆን፥ ስሙም ቀድሞ በሰፈሩ ተተክሎ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው። ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። ዛሬ ግራሩ ሳስቶ ሕንፃው በዝቷል፤ ድምፁ ግን ከሰፈሩ ስም ጋር አብሮ ቀርቷል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፥ ከጎፋ እስከ ሃና ማርያም፥ በታክሲው፥ በሱቁ፥ በሠርጉ ድንኳን፥ በልጆቹም ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ሁሉ ዘፈን አለ።

በዚህ እኔ አልከፋም። የሚያዜም ሰፈር ከሚጣላ ሰፈር ይሻላል። የምከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቃልን ሳይቆጥሩና ሳይመዝኑ ለዜማ አሳልፎ መስጠት ነውር መሆኑ ስለ ተረሳ ነው። የግጥም ልክ የስሜት ጠላት ነው የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እኔ ግን የግጥም ልክ ለቃልና ለሰሚ የሚከፈል አክብሮት ነው እላለሁ። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለሸንጎ ብቻ አይደለም፤ ለዘፈንም ይሆናል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር ልንገርህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግቢዬ ለጥቂት የሰፈር ልጆች ግጥም መጻፍ አስተምራለሁ። ከነርሱ አንዲቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ በሞተች በዓመቱ ስለ እርሷ አጭር ግጥም ጻፈች። ከስንኞቹ አንዱ ይህ ነበር፤

«እናቴ አለች ከጎኔ ቆማ»

ግጥሙ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን በዓል ላይ እንዲዜም ተመረጠ። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ዜማውን ያዘጋጀው ሰው አስቀድሞ ከኮምፒዩተር ያገኘው የተዘጋጀ ምት ነበረው፤ ግጥሙን አንሥቶ በምቱ ላይ አስቀመጠው። «አ» የሚለው ድምፅ ባጭሩ አለፈ፤ «ለች» የሚለው ተሳበና ቆመ፤ ከበሮው ሦስት ጊዜ መታ፤ ከዚያ በኋላ «ከጎኔ ቆማ» የሚለው መጣ።

አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ የሆነውን ይረዳል። «አለች» የሚለው ቃል «ለ» ሲጠብቅ «በሕይወት አለች፥ ከእኔ ጋር ናት» ማለት ነው፤ ሲላላ ግን «ተናገረች» ማለት ነው። ልጅቱ «እናቴ አለች» ብላ ስትቆም አዳራሹ እናትየዋ የተናገረችውን ለመስማት ጠበቀ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ልጅቱ እስከ መጨረሻው አዜመች፤ ከመድረክ ከወረደች በኋላ ግን በበዓሉ አልቆየችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ ከደጅ ቆመች። «ግቢ እንጂ ልጄ» አልኋት። «ጋሼ፥ እናቴ ምንም አላለችም እኮ» አለችኝና ደብተሯን ሳትከፍት ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልመጣችም።

አንባቢ ሆይ፥ ጥፋቱን ሁሉ በዜማ አዘጋጁ ላይ ልጥለው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ሌሊት ሳስበው የራሴን ድርሻ አገኘሁት። ልጅቱን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ስንኙ አምስትና አምስት ሆኖ ስለ ገጠመ ደስ ብሎኝ አመሰገንኋት፤ «ይህ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነውና ለዜማ በሰጠሽው ጊዜ ተጠንቀቂ» ብዬ ግን አልነገርኋትም። ቁጥሩን አስተምሬ ጆሮውን ሳላስተምር ቀርቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሴም ተግሣጽ ነው።

አስቀድሞ ልክ ማለት ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በአማርኛ ግጥም የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፤ በአፍ የሚሰማው ቀለም ነው። ለምሳሌ ለልጆቼ የምሰጠውን ይህን ስንኝ ተመልከት፤

«ቤቴ ከወንዙ ዳር ድምፄ ከነፋስ ላይ»

ፊደሉን ብትቆጥር 17 ነው። በእጅህ እያጨበጨብህ በአፍህ ብትለው ግን 12 ቀለም ብቻ ታገኛለህ፤ ስድስቱ እስከ «ዳር»፥ ስድስቱ ከዚያ ወዲያ። ይህ የሆነው ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፅ እያለው፥ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ሳይኖረው ስለሚነገር ነው። «ዳር» በሚለው ቃል «ር» በ«ዳ» ላይ ተደግፎ ያልፋል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። «ድምፄ» በሚለው ቃል ግን ሁለት ሳድሶች አሉ፤ «ድ» ይቆጠራል፥ «ም» አይቆጠርም። ይህን በዓይን የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል፤ በጆሮ የሚቆጥር ግን ያልተማረ እንኳ ቢሆን አይሳሳትም።

ያልተማረ ማለቴን ልብ በል። ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በዱላቸው መሬት እየደበደቡ የሚያዜሙትን ልጆች አይተሃቸው ይሆናል። «ሆያ ሆዬ» የሚለው ስም ራሱ አራት ቀለም ነው። አውራጁ ልጅ የባለቤቱን ስምና ሙያ ጠይቆ በቆመበት አዲስ ምስጋና ይገጥማል፤ ዱላውም ከቃሉ ጋር ይወድቃል። ይህን ልጅ ስለ ግጥም ልክ ያስተማረው የለም። ታላቅ ወንድሙን እየተከተለ በጆሮው ተምሮታል። ይህ አጭር ልክ ቡሄ በሉ ይባላል። በአምስት በአምስት ቀለም የሚሄደው ሰንጎ መገን፥ በስድስት በስድስት የሚሄደውና ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው የወል ቤት ይባላል። የወል መባሉ መልካም ነው፤ የሁላችን፥ የጋራችን ማለት ነውና።

ደግሞም አዝማሪ በተቀመጠበት ቤት ገብተህ ተመልከት። መሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ባለ አንድ ጅማቱን ይዞ ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ያጫውታል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙ ልኩን የሳተ እንደ ሆነ አዝማሪው ሲያነክስ ይታያል፤ ቤቱም ያንን ሰጭ ያፍርበታል። ሰጪው ነጋዴ ቢሆን፥ ሹፌር ቢሆን፥ ወታደርም ቢሆን ልኩን ያውቀዋል። እንግዲህ የግጥም ልክ የሊቃውንት ሸክም አይደለም፤ የሕዝብ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ተከራካሪዎቼ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ይላሉ፤ «ግጥም ስሜት ነው፤ ስሜት ደግሞ አይቆጠርም። ወጣቱን ቁጥር ብታስተምሩት ልቡን ታደርቁበታላችሁ።» ይህ ንግግር ያማረ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የስንፍና መሸፈኛ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ማዘጋጀቱን ራሱን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃለህን? ቆጠራ ይሉታል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ሦስት ቤት ባለው በዘአምላኪየ አልፎ፥ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ እየተራመደ ይወጣል። እያንዳንዱም ቤት የዜማ ልክ አለው። ሰምና ወርቅ የተባለው ጥልቅ ምሥጢር የተወለደው ከዚህ ቆጠራ ውስጥ ነው። ቁጥር ልብን የሚያደርቅ ቢሆን ኖሮ ከዋሸራና ከዋድላ ደረቅ እንጨት እንጂ ቅኔ ባልወጣም ነበር።

«እኛ አሮጌውን ሰብረን አዲስ እናመጣለን» የሚሉም አሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን መስበርም ቆጠራ ይጠይቃል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በለመድነው በስድስት በስድስት አልረኩም፤ በስምንት በስምንት ቀለም የሚሄድ ረጅም ስንኝ ስለ ተጠቀሙ ይህ ልክ እስከ ዛሬ የጸጋዬ ቤት ይባላል። በ1966 ዓ.ም. የታተመውን እሳት ወይ አበባን ከፍቶ እያጨበጨበ ያነበበ ሰው ያገኘዋል። ይህ ሰው ልኩን የለወጡት አጥተውት ሳይሆን ለሐሳባቸው ጠቧቸው ነው። ሰሎሞን ዴሬሳም በ1963 ዓ.ም. ልጅነት የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ ከተለመደው ልክ ወጡ፤ ብዙ ክርክርም ተነሣ። ሁለቱም የወጡበትን ቤት በር ያውቁ ነበር። ቤት ሳይኖረው «ከቤት ወጣሁ» የሚል ግን ውጭ አደረ እንጂ አልወጣም።

ሁለተኞቹ ተከራካሪዎቼ እንዲህ ይላሉ፤ «አንተ የባዕድ ዜማና አዲስ መሣሪያ ስለምትጠላ ነው።» ይህ ሐሰት ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ አርመናውያን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ፥ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አስማምቶ ኢትዮ ጃዝን ለዓለም አሰምቷል። በራሳችን ክፍለ ከተማ፥ በመካኒሳ፥ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ተከፍቷል። ይህ ሁሉ ያስደስተኛል። ኮምፒዩተርም ቢሆን ክራር ያላት ልጅ ክራሯን እንደምትቃኘው ሊቃኝ የሚችል ዕቃ ነው። የምቃወመው ዕቃውን አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ነው።

ቅደም ተከተሉ ምን ሆነ? ምቱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ቃሉ በኋላ እንደ ጭድ ይታጨቅበታል። ሲጎድል «ኧረ»፥ «እኮ»፥ «ኦሆ» ይሞላበታል፤ ሲተርፍ ከቃሉ ጅራቱ ይቆረጣል። ሰፊ ልብስ ስትፈልግ ልኩን ሳይወስድ የቆረጠ ሰፊ ብታገኝ ምን ትለዋለህ? አሁን ያነበብኸውን ዐረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። የመጀመሪያው «ሰፊ» ይጠብቃል፥ ሁለተኛው ይላላል፤ አንደኛው ልብሱ፥ ሁለተኛው ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፥ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ትልቁ ነገር ነው፥ ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው። በጽሕፈታችን ይህ ስለማይታይ አንባቢ ከዐውዱ ያውቀዋል፤ ዘፋኝ ግን አንዱን መርጦ ማሰማት ግዴታው ነው። የእንግሊዝኛ ዜማ ደራሲ የድምፅ ክብደት በየትኛው የቃሉ ክፍል ላይ እንደሚወድቅ ይጠነቀቃል። እኛ የምንጠነቀቅበት ደግሞ ይህ ነው። የሰውን ጥንቃቄ ሳይማሩ የሰውን ምት ብቻ መውሰድ ግማሽ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው እንዲህ ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ «በማሕሌት አንድ ቀለም እንኳ ረጅም ዜማ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይህስ ቃሉን አያጠፋውምን?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን በቅዱስ ያሬድ ዜማ፥ በግዕዝም ሆነ በዕዝል ወይም በአራራይ፥ ቃሉ አስቀድሞ የተጠናና የታወቀ ነው፤ ቀለሙ የት እንደሚሳብ፥ የት እንደሚሰበር በምልክት ተጽፎ ከመምህር ወደ ተማሪ ይተላለፋል። ማርዘም ጥፋት አይደለም። ትዝታንም ያለ ማርዘም ማዜም አይቻልም። ጥፋቱ የት እንደሚረዝም ሳያውቁ ማርዘም ነው።

ሦስተኞቹ ተከራካሪዎቼ መምህራን ናቸው፤ ከነርሱም ጋር ስለምወዳቸው እጣላለሁ። «እኛማ እናስተምራለን» ይላሉ። እውነት ነው፤ የወል ቤት፥ ሰንጎ መገን፥ ቡሄ በሉ ብለው በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ተማሪውም ለፈተና ይሸመድደዋል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ጭብጨባ ተሰምቷልን? ዋናን በመጽሐፍ ተምሮ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ተማሪው ስሙን ያውቃል፥ ነገሩን አያውቅም፤ በኋላም ግጥም ሲጽፍ የተማረው ስም አይረዳውም።

ከዚያች ልጅ ነገር በኋላ በግቢዬ የማስተማሪያውን መንገድ ለወጥሁ። አዲስ ነገር አልፈጠርሁም፤ ከቡሄ ልጆችና ከአዝማሪ የተማርሁት ነው። መጀመሪያ ልጁ ስንኙን እንደ ተራ ንግግር፥ ለእናቱ እንደሚነግራት አድርጎ ይናገረዋል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፤ ሌሎቹም ይቆጥሩለታል። ከዚያ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በቀይ እስክርቢቶ ነጥብ ያደርጋል። ከዚያም ትንፋሹን የት እንደሚያሳርፍ ይፈልጋል፤ ሐሳቡ ሳያልቅ ማረፊያ አይሰጥም። በመጨረሻ ብቻ ክራሩ ይነሣል፤ ትዝታ ይሁን፥ ባቲ ይሁን፥ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ይሁን ራሱ ልጁ በጆሮው ይመርጣል። ይህ ሁሉ ለአንድ ስንኝ ግማሽ ሰዓት አይወስድም። «ጊዜ የለንም» የሚለኝ ካለ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እለዋለሁ።

ልጅቱ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ተመለሰች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ታላቅ ሰው ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ ደንግጣ መሬት መሬት አየች። ያንኑ ስንኝ አንሥተን ከመጀመሪያው ጀመርን። አጨበጨበች፤ አምስትና አምስት ሆነ። በ«ለ» ላይ ቀይ ነጥብ አደረገች። ክራር የሚመታው ልጅ በትዝታ ቅኝት ሲጀምርላት፥ «አል» በሚለው ላይ ድምፅዋን ጥቂት ያዝ አድርጋ «ለች» የሚለውን አሳረፈችና፥ ሳትቆም «ከጎኔ ቆማ» ወደሚለው አለፈች። የተለወጠው የአንዲት ጭብጨባ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ እኔ፥ አራት ልጆችና እንጀራ ልትጋግር የመጣች ጎረቤቴ ነበርን። ጎረቤቴ ምጣዷን ትታ መጥታ «እውነትሽን ነው ልጄ፥ አለች እንጂ» አለቻት። ልጅቱ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ ይህን ከአዳራሹ ጭብጨባ ሁሉ አስበልጬ እቆጥረዋለሁ።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ነገሩን ጠቅልዬ ልንገርህ። ሰው ስለ ሐዘኑ፥ ስለ ፍቅሩ ወይም ስለ አገሩ የተናገረው ቃል በእጅህ በገባ ጊዜ አደራ ተቀብለሃል። ያንን ቃል በዜማ አጣምመህ ሌላ ነገር እንዲናገር ብታደርገው፥ ሰውየው ያላለውን አለ ብለህ መስክረህበታል። በችሎት ፊት ይህን ያደረገ ሰው የሐሰት ምስክር ይባላል። በመድረክ ላይ ያደረገውን ግን አርቲስት እንለዋለን። ይህ ልዩነት ለእኔ አይገባኝም።

ግጥም የምትጽፍ ከሆነ ከመጻፍህ በፊት በአፍህ በለው፤ እጅህ ያጨብጭብ፥ ጆሮህ ይፍረድ። ዜማ የምትሠራ ከሆነ ምቱን ከመምረጥህ በፊት ግጥሙን የጻፈውን ሰው «እስኪ አንተ አንብብልኝ» በለው፤ የሚያነብበት ድምፅ ግማሹን ዜማ ይሰጥሃል። የምታዜም ከሆነም ያልገባህን ቃል አታዚም። ልክ ጠበበኝ ካልህ ስበረው፤ ግን አስቀድመህ ቁጠረው።

የሰፈሬ ስም ድምፅን በነፋስ ስለሚያሻግር ነገር የወጣ ነው ብዬህ ነበር። ነፋስ የሰጠኸውን ሁሉ ይወስዳል፤ ቀንና እውነት አይመርጥም። አስተካክሎ መስጠት ግን የላኪው ፈንታ ነው።